ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በስኩተር

የተዋወቅነው አራት ኪሎ፣ የኪራይ ስኩተሮቹ ከሚደረደሩበት ቦታ ነው። ስልኬን ደጋግሜ ባስጠጋው ስኩተሩ አልከፈት አለኝ።

"እህት፣ የዚህኛው ባትሪ አልቋል፤ ያንን ሞክሪው" አለኝ አጠገቤ የቆመ ወጣት።

ነድቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። "በአንድ እግርሽ መሬቱን ግፊ፤ መሄድ ሲጀምር በአውራ ጣትሽ ይቺን ተጫኝ" ብሎ እስክለምድ አብሮኝ ሮጠ።

እኔ የምኖረው ቡራዩ ከወላጆቼ ጋር ነው፤ አባቴ እዚያ የጨርቅ ሱቅ አለው። የምሠራው አራት ኪሎ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ነበር። እሱ ከደቡብ መጥቶ ሰበታ ቤት ተከራይቷል፤ አዲስ በሚሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ከሥራ ስንወጣ ሂጃቤን ነፋስ እንዳይወስደው አጥብቄ አስርና በብስክሌት መንገዱ ጎን ለጎን እየነዳን እስከ ፒያሳ እንሄዳለን። ከዚያ እኔ ወደ ቡራዩ፣ እሱ ወደ ሰበታ። ለመተያየት የነበረን ጊዜ ያችው ነበረች።

"ቀስ በይ እንጂ! ፒያሳ ምን አስቸኮለሽ?" ይለኝ ነበር።

እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ሙስሊም። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን አናነሳውም።

በኋላ አባቴን ሊያነጋግር ቤታችን መጣ። ዘመዶቹ አብረን አንሄድም ስላሉት፣ ሽማግሌ አድርጎ ያመጣው የሰበታውን ቤት አከራዩን፣ አንድ አረጋዊ ኦሮሞን ነበር። አባቴ እስከ ደጅ ወጥቶ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" ብሎ ተቀበላቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

"ልጄ፣ ነውር አላየሁብህም" አለው አባቴ። "ግን ሴት ልጄን ለሌላ ሃይማኖት ሰው አልድርም። አንተንም ለእሷ ስትል እምነትህን ተው አልልህም።"

"ብተወውም አያምኑኝም" አለ እሱ።

"እውነት ነው፤ አላምንህም።" የአባቴ ድምፅ ሰለለ።

በማግሥቱ አራት ኪሎ ተገናኘን። ሐዋሳ ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ።

"አብሬህ ልጥፋ" አልኩት።

"ስልክሽ በጠራ ቁጥር እናቴ ትሆን ብለሽ ስትደነግጪ ላይሽ አልችልም።"

እስከ ፒያሳ ቀስ ብለን ነዳን። ታክሲው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሲነሳ እጁን አላውለበለበም፤ እኔም አላውለበለብኩም። ታክሲው ውስጥ ግን እንባዬን መያዝ አቅቶኝ፣ ከጎኔ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ሶፍት ሰጠችኝ።

ባለፈው ክረምት አባቴን ዓይኑን ላሳክመው ወደ ከተማ ይዤው ገባሁ። ስንመለስ፣ ሁለት ልጃገረዶች በስኩተር አጠገባችን አለፉ።

"አንቺም ይሄን ትነጂያለሽ?" አለኝ።

"ድሮ እነዳ ነበር።"

"ማን አስተማረሽ?"

"እሱ።"

ትንሽ ሄድንና ቆመ። "ደህና ነው?"

"አግብቷል አሉ፣ አባ።"

አልሐምዱሊላህ ሊል አፉን ከፈተ፤ ተወው። "ተቀይመሽኛል?"

"አልተቀየምኩም።"

"ብትቀየሚኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ።

ታክሲ ተራ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ኮቱን አውልቆ ራሴ ላይ ጣለልኝ፤ ብመልስለት እምቢ አለኝ።