ሰባት ቤት ስቆጥር

ያለ ዘመኑ የተወለደ ሰው ነኝ እያልኩ ነበር የምኖረው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ዙይድ በሚባል ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ከባለቤቴና ከትንሿ ልጄ ጋር እኖራለሁ፤ ዴን ሃግ አንድ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወረቀት በየፋይሉ ሳስገባ እውላለሁ። ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ ነኝ። በባቡር ስመላለስ ግን ዴን ሃግም ሮተርዳምም አይደለሁም፤ በነገሥታቱ ዘመን ነኝ። ሸማዬን አደግድጌ ዳኛ ፊት እቆማለሁ፣ የርስት ክርክሬን እረታለሁ፣ ታዳሚው «አቤት አንደበት!» ይልልኛል፤ ግብር ቤትም እጋበዛለሁ። ከዚያ ተቆጣጣሪው መጥቶ ቲኬት ሲለኝ እባንናለሁ።

«ምነው በዚያን ጊዜ በኖርኩ!» ስላት ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «አንተ? አንድ ጥርስ ለማስነቀል ሁለቴ ማደንዘዣ የተወጋኸው ሰውዬ? ቁንጫው በሳምንት ይጨርስህ ነበር!» ትበል፣ እሷ ምን ታውቃለች! ያኔ ሰው በቃሉ ያድር ነበር፤ ሽማግሌ ይከበር ነበር፤ ነገር በወግ በወጉ ይነገር ነበር። እዚህ ጎረቤትህ የቴሌቪዥንህ ድምፅ ሲረብሸው እንኳ ደብዳቤ ነው በበር ሥር የሚከትልህ። ይሄው አመሌ ነው እንግዲህ ሰው ላይ የደረሰው።

በቤተ ክርስቲያናችን፣ ማለት እሑድ እሑድ ከሰዓት በተከራየናት የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ልጅ ነበረ። ከሮተርዳም አጠገብ ስኪዳም ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ቤት ይሠራል፤ ሽማግሌና አሮጊት ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያጎርሳል። እናትና አባቱ ሞተው ያሳደጉት ግንበኛ አያቱ ነበሩ። እሳቸውም አርፈዋል። ይህ ልጅ ከጉባኤያችን አንዲት ልጅ ጋር ተዋደደ። እሷ በሕፃንነቷ ከአባቷ ጋር መጥታ እዚሁ ያደገች ናት። አባትየው በጃንሆይ ጊዜ ባለሥልጣን የነበሩ፣ አሁን ዴን ሃግ በጡረታ የሚኖሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምሩን ትልቅ ሰው ናቸው።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ አባትየው ራሳቸው ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጆቹ ይፈላለጋሉ አሉ። እኔ ተቃውሞ የለኝም። እንጸልይና እናጋባቸው» አሉኝ። አለቀ። ይህን ያህል ቀላል ነበር ነገሩ።

እኔ ግን ምን ቆርጦኝ! «እንዴት ይሆናል፣ አባታችን? ያለ ሽማግሌ? ያለ ወግ? ልጅዎ እኮ የሰው ልጅ ናት!» አልኳቸው። ሳቁ። ደስም አላቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው በራ። «እሺ፣ እንዳልከው በወጉ ይሁን» አሉኝ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚባለው ለእኔ ነው።

ልጁን ሰባት ቤት ትውልዱን እንዲያመጣ አዘዝኩት። ድሮ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ዘሩ ይቆጠር ነበር፤ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ከአያቴ በላይ አላውቅም» አለኝ። «ጠይቅ! ጻፍ! ሰው ዘሩን ሳያውቅ እንዴት ይኖራል?» ብዬ ተቆጣሁት። አዲስ አበባ ላለች አክስቱ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ፤ ደብተር ላይ የተጻፈ ነው። አባቱ፣ ያሳደጉት አያቱ፣ ከዚያ አንድ ፊታውራሪ። ከዚያ በላይ ባዶ።

ፊታውራሪው በታሪክ የሚታወቁ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሳይ ልቤ ዘለለች። «አንተ! የማን ዘር መሆንህን ታውቃለህ?» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ግራ ገብቶት ፈገግ አለ። ለምን ባዶ ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። የፊታውራሪውን አባት፣ አያትና ከዚያ በላይ ያሉትን ከመጻሕፍት አውቃቸው ስለነበር፣ የጎደለውን እኔው በገዛ ስክሪብቶዬ ሞላሁት። ሰባት ሆነ።

በቀጠሮው ቀን ከጉባኤያችን አንድ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ቲማቲም በሚበቅልበት የመስተዋት ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። አባትየው አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። በሩን ከፍተው «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሉን፣ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብዬ ቆምኩ። ከሱፍ ኮቴ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌያለሁ። እሳቸውም ወጉን ያውቁታልና ኮስተር አሉ። ጓዳ ውስጥ ልጅቷ ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ሕልሜ በዴን ሃግ ፎቅ ላይ ተፈታልኝ ብዬ ነበር።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን መጥተናል» አልኩ።

«ልጃችሁ የማን ልጅ ነው?» አሉ፣ እንደ ደንቡ።

ቆጠርኩላቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊታውራሪ እገሌ! አልኩ። ከዚያም እስከ ሰባት ወጣሁ።

አባትየው መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ። «ጉድ ነው! ፊታውራሪ እኮ የእናቴ አጎት ናቸው። እንግዲያው ዘመዳሞች ናቸዋ፣ እንዴት ይጋባሉ?» አሉ። እኔ ክው አልኩ። ይህን ጭራሽ አላሰብኩትም። ምን እንደምል ሳወጣ ሳወርድ፣ የሳቸው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ፊታውራሪ ግን አልወለዱም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አልኩ።

«መካን ነበሩ። ይህን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል። በስማቸው የሚጠሩት ቤታቸው ያደጉት ናቸው። ውላጆቹ።» ወደ እኔ ቀና አሉ። «ከተገዛች ሴት እዚያው ቤት የሚወለድ ልጅ አባት ተብሎ የሚጠራለት ጌታው ነበር። ይህን ሁሉ ታሪክ ስታነብ ይህቺን አላነበብካትም?»

አላነበብኳትም። ወይም አንብቤ አልፌያታለሁ። አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ ብቻ፣ «አባታችን፣ በጌታ ፊት ሁላችን አንድ ነን» አለ። እኔም ቀበል አድርጌ ጥቅስ ልጠቅስ ስል፣ «ተው! እሱን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉና ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጁን እወደዋለሁ። ሳላውቅ ቢሆን መርቄ እሰጠው ነበር። ማን አሳውቀኝ አለህ? አሁን አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ‹የማን ልጅ ነው› ስትለኝ ምን ልበላት? ምነው ዝም ባልክ፣ ልጄ!»

የቆጠርኩትን በቅጡ እንደማላውቅ፣ ከአራተኛው ጀምሮ እኔው እንደሞላሁት ነገርኳቸው። ተንተባተብኩ። ደብዳቤው ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የፈሰሰውን ማን ያፍሰው? ጓዳ ያለችው ልጅ ሳቋን አቁማለች። ቆመን እንደመጣን ቆመን ወጣን።

ለልጁ እኔው መንገር ነበረብኝ። ስኪዳም ሥራ ቦታው ሄድኩ። የታጠቡ ፎጣዎች እያጠፈ ነው። ስነግረው ማጠፉን አላቆመም። «አያቴን ስለ አባቱ ስጠይቀው ‹ሥራህን ሥራ› ይለኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ደግሞ ኃይለኛ ሰው ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።» ቀጣዩን ፎጣ አነሣ። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ በባቡር ስሄድ የድሮው ዘመን አልመጣ አለኝ። በመስኮት ላሞችና ቦዮች ብቻ አያለሁ። ልሞክር ስል፣ ያ የማልመው ግብር ቤት ውስጥ ውሃ ይዞ እጄን የሚያስታጥበኝ ሰው አለ። ስንት ዓመት ሲያስታጥበኝ ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት፤ ትንሽ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ግንበኛ የሚሆን። እንደ ሌባ ቀና ማለት አቃተኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባትየው ቢሮ ደወሉልኝ። ጾመው ጸልየው ነበር። «እሺ ብያለሁ፣ ይጋቡ» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ። ለእህቴ ወላጆቹ በልጅነቱ ሞቱ፣ ያሳደገው ጎረቤት ነው እንላታለን። አያቱ አይነሱ። ሠርጉ ላይም፣ ከዚያም በኋላ።» እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ! በሩጫ ነው ቤቴ የገባሁት።

ልጁና ልጅቷ እዚያ ይጠብቁኝ ነበር። ልጅቷ እንደሰማች እፎይ አለች። «ማክት ኒት አውት!» አለችው፤ ምንም አይደል ማለቷ ነው። «አንድ ስልክ እኮ ነው! አክስቴን በዓመት አንዴ ነው የማናግራት። ምን አለበት?» ክፋት የለባትም፤ ነገሩ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መዝለል ሆኖ ነው የታያት። ልጁ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳይነቅል፣ «አያቴን ጎረቤቴ ነው ልበል?» አላት። «ሰባ ዓመት ሞልቶት መሰላል ላይ እየወጣ ያስተማረኝን? ስንወልድስ? ለልጆቻችንም ጎረቤት ነው ልበላቸው?»

እኔ ምን አደረግኩ? ለመንኩት። «ለጊዜው ነው፣ ሰውየው ይለዝባሉ፣ ዋጥ አድርጋት» አልኩት። ያ ሁሉ ‹ዘርህን እወቅ› ሲል የነበረ አፌ! ልጅቷ በደች ጀመረች፣ እሱ በአማርኛ መለሰ፤ እሷ አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ። ያለ አባቷ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ሄደው መጋባት ይችሉ ነበር፤ ሕጉ አይከለክላቸውም። እሷም ይህንኑ እናድርግ አለችው። እሱ ግን «ሊደብቀኝ የሚፈልግ ቤት በጓሮ አልገባም» አለ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና አንድ ጊዜ አየችኝ። አልሳቀችብኝም።

በፀደይ ወራት አምስተርዳም ሌላ የአረጋውያን ቤት ሥራ አገኘና ተነሣ። ዕቃውን ላግዘው እኔ ሄድኩ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ስላልነበረ። ልጄን ይዣት ነበር። አምስት ዓመቷ ነው፣ እሱን በጣም ትወደዋለች። ከጣቢያው ወጥተን ትራም ስንጠብቅ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አድርጓት የጫማዋን ክር አሰረላት።

ክሩን እንደያዘ፣ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ» አለኝ። «እሷ ስታድግ እንደ እኔ ያለ ሰው ሽማግሌ ቢልክብዎ፣ ይሰጡታል?»

«እንዴታ!» አልኩት።

ግን ወዲያው አላልኩትም። እህቴን አሰብኩ፣ አጎቶቼን አሰብኩ፣ ምን ይሉኝ ይሆን አልኩ፣ ከዚያ ነው ያልኩት። ያቺን ታህል ጊዜ ልጁ ጠብቋል። የልጄን ጫማ መታ መታ አደረገና ተነሣ፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ብቻዬን እችለዋለሁ» ብሎ ካርቶኑን ተሸክሞ ትራሙ ላይ ወጣ።