ጳጉሜ ሠላሳ

ቢቸና ውስጥ በስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት። ለሌላው ሰው ሁሉ «ግዥ» ነኝ። ገበያ ብወጣ «ግዥ፣ እንዴት አደርሽ?» ይለኛል፤ ቅዳሴ ብሄድ «ግዥም መጣች» ይባላል። ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ስትገዛ፣ ጨረታ ስታወጣና ውል ስትጽፍ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ዕጣዋ ይኸው ነው። ምላሷም ስለታም ነው ይላሉ። ይበሉ! ስርዝ ድልዝ ያለበት የጨረታ ሰነድ ይዞ የመጣ ሰው ዘመዴም ቢሆን ሳላሳፍር መልሼው አላውቅም። እንግዲህ ያን ክረምት የሠራሁትን ጉድ ስሙና እናንተም በተራችሁ ሳቁብኝ።

ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ማለትም ይበዛበታል፤ ሁለት ክፍል ነው። ከመንደሮቻችን በአንዱ ጫፍ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሰፈር አለ። በበጋ ወንዙ ቁርጭምጭሚት አያርስም። በክረምት ግን ትልቅ ሰው ይወስዳል፤ እስኪጎድልም ጥቅምት ይገባል። ስለዚህ የማዶ ሰዎች ትንንሽ ልጆቻቸውን ወዲህ አይልኩም፤ «ትንሽ ከፍ ይበል»፣ «ትንሽ ከፍ ትበል» ሲሉ ዓመቱ ያልፋል። በስንት ጭቅጭቅ እዚያው ማዶ ሁለት ክፍል እንዲሠራ የወረዳው ምክር ቤት ወሰነ። ከሌላ ዞን አንዲት መምህርት ተመደበችልን። ግን ቁርጡ ተነገረን፦ መስከረም ላይ ክፍሉ ካልተዘጋጀ መምህርቷ ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች፤ የማዶ ልጆችም ሌላ ዓመት ቁጭ ይላሉ።

ጨረታውን ያሸነፈው የሞጣ ሰው ነበር። በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብቶ የነበረ፣ ትቶ ግንበኛ፣ ኋላም ተቋራጭ የሆነ፣ ቃል ሲሰማ ጆሮው የሚቆም ሰው ነው። ግድግዳውንና ጣሪያውን በጊዜ ጨረሰ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፤ ሲሚንቶ ጠፋ፤ ወለሉ፣ በሩና መስኮቱ ቀረ። ውሉ ሰኔ 30 ያበቃ ስለነበር ምክር ቤቱ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ አራዘመለት።

ማራዘሚያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ሰዓቱ አሥራ አንድ አልፏል፤ መብራቱም ልሂድ አልሂድ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። አዲስ ከምጽፍ ብዬ የድሮውን ውል ከፈትኩና ኮምፒውተሩን «ሰኔ ያለበትን ሁሉ ጳጉሜ አድርግልኝ» ብዬ አዘዝኩት። አደረገልኝ። አተምኩት፤ ኃላፊያችን ፈረሙ፤ የሕግ ባለሙያው ፈረመ፤ ተቋራጩ ፈረመ፤ ማህተም አረፈበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ማፍሰሴንም አላወቅሁ።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ተቋራጩ ቢሮዬ መጥቶ ቁጭ አለ።

«እኅቴ፣ ውሌ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ጳጉሜ ነዋ።»

«ጳጉሜ ስንት?»

«አምስት ነዋ! አንተ ዘንድ ሌላ ጳጉሜ አለች እንዴ?»

«አለችኝ» አለና ውሉን ዘረጋልኝ። «እስከ ጳጉሜ 30 ቀን ድረስ አጠናቆ ያስረክባል» ይላል። በእኔው ጽሑፍ፣ በሦስት ሰው ፊርማ፣ በክብ ማህተም!

ደጋግሜ አነበብኩት። እሱ ግን ፊቱ በርቷል፤ እንዲህ ያለ ቃል ካገኘ ስንት ዘመኑ። «እንግዲህ ጳጉሜ ሠላሳ እንገናኝ» ብሎኝ ወጣ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሞጣ ወሰዳቸው፤ እዚያ ሌላ የሆቴል ግንባታ ይዞ ኖሯል።

ሁለት ቀን ነገሩን ዋጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነው። ስንቱን «ዓይን የለህም? አንብበህ አትፈርምም?» እያልኩ ያንጓጠጥኩ ሴት! በሦስተኛው ቀን ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ጨርቄን ማቄን ሳልል እጄን አወጣሁና ተናገርኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አፈ ጉባኤው ራሳቸው አጀንዳውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ሲበርድ ክርክር ተጀመረ። የሕግ ባለሙያው «ከጳጉሜ አንድ ጀምረን ሠላሳ ብንቆጥር መስከረም ሃያ አምስት ላይ ይወድቃል፤ እስከዚያ ልናስገድደው አንችልም» አለ። አንዱ «የሌለ ቀን የተጻፈበት ውል የሌለ ውል ነው፤ ይፍረስ!» አለ። ሌላው «ቢፈርስ አዲስ ጨረታ ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ጥምቀት ይደርሳል» ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ ከኋላ «ይቺን ነገር የጻፈ ሰው ይጠየቅልን» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ልጠየቅ» አልኩ። «ግን መጀመሪያ ክፍሉ ይለቅ። በእኔ ጥፋት የሰው ልጅ ዓመት አይቃጠል።»

ከማዶ ሰፈር የተመረጡ አንዲት እናት አሉ። በስብሰባ ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ነው የሚያዝ» አሉ። «ደብዳቤ ብትልኩበት ይስቅባችኋል። እኔና ይቺ ልጅ እንሂድ።»

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ፣ በደብረ ወርቅ አድርገን፣ ሞጣ ገባን። መንገዱን ሙሉ እኔ የምለውን ሳሰላስል እሳቸው እንቅልፋቸውን ለጠጡ። ተቋራጩን ሆቴሉ ግንብ ሥር አገኘነው። እሳቸውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

እኔ እንደ ልማዴ ጮኼ ጀመርኩ። «አንተ ሰው፣ ለመሆኑ እግዜርን አትፈራም?»

«የጻፍሽው አንቺ፣ የፈረምኩት እኔ» አለ፤ «እግዜርን ምን አስገባው?»

እውነቱን ነዋ።

እናትየዋ ግን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጳጉሜ ሠላሳ ያላት አገር ታውቃለህ አሉ» አሉት። «እስቲ ምራንና ልጆቻችንን እዚያ እናስተምር። እኛ አገር ጳጉሜ አምስት ብቻ ናት፤ ወዲያው መስከረም ይጠባል፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል።»

ሰውየው ሳቀ። «ይበል! ይበል!» አለ፣ ልክ ቅኔ እንደ ሰማ ሰው። ከዚያ እሳቸው አለመሳቃቸውን አየና አቆመ።

«ልጅ አለዎት እማማ?»

«የልጅ ልጆች ናቸው ያሉኝ። የራሴ ልጆችማ ፊደል ሳይቆጥሩ አድገው ተዳሩ።»

«ጨዋታው ጥሞኝ ገፋሁበት፤ አጥፍቻለሁ» አለ። ውሉን ከቦርሳው አወጣ፤ እስክሪብቶ ለመነኝ፤ ከሠላሳዋ ላይ ዜሮዋን ሰረዛት። ጳጉሜ 3 ሆነች።

«ሩፋኤል ነው፤ በእሱ ቀን አልዋሽም» አለኝ። እኔ የፈለግሁት አምስት ነበር፤ ሁለት ቀን አተረፍኩ! ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም እያልኩ ስንቱን ተጫራች ያባረርኩት ሴትዮ፣ ከስርዙ አጠገብ እሱን አስፈርሜ እኔም ፈረምኩ። እናትየዋ አውራ ጣታቸውን ቀለም ቀብተው ከሥሩ ተጫኑበት። የሳቸውን ጣት ሕጉ አይጠይቅም ነበር። «ይኑርበት» አሉ።

ሠራተኞቹ ተመለሱ። ሥራው ጳጉሜ ሦስት አላለቀም፤ አልዋሽም። በሩፋኤል ዝናብ አገር ምድሩ ሲጠመቅ ሰውየው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ያልደረቀውን ወለል በላስቲክ ይሸፍን ነበር። ጳጉሜ አምስት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው መስኮት ገባ። እልል አልኩ፤ ብቻዬን፣ እዚያው ጭቃው ላይ። ለእኔ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል።

ትምህርት የተጀመረ ቀን፣ ሰዎች ደግፈውኝ ወንዙን ተሻግሬ ማዶ ሄድኩ። ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል። ለሰባት ዓመት ልጅ ይሆናል ብዬ ያስገዛኋቸው አጫጭር ወንበሮች ሞልተዋል። ከኋላ አንዲት ረጅም ልጅ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሏት ወደ ጎን ዞራ ተቀምጣለች። መምህርቷ እየዞረች ስም ስትመዘግብ እሷ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«ውይ! እስካሁን የት ነበርሽ?»

ልጅቷ ጥያቄው ገርሟት ቀና አለች።

«እዚሁ ነበርኩ» አለች።