ከውሻ ጋር አራስ ቤት

ያኔ አቃቂ ስንኖር ቤታችን ከሐዲዱ ዳር ነበረች። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንዲት መስኮት። ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል። ባሌ ሐዲድ ጠጋኝ ነበርና ወደ አዋሽ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። የምንቀረው እኔና ውሻው ነን። የውሻውን ስም አልነግራችሁም። ባሌ ያወጣለት የአንድ ጎረቤታችንን ስም ነው፤ ጎረቤታችን ደግሞ ዛሬም በሕይወት አሉ።

ልጅ አልነበረንም። ከተጋባን ቆይተናል፣ ግን አልመጣም። ስለዚህ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ዋልክ?» የምለው ውሻውን ነበር። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይሰማኛል። ባሌ እንኳ እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም።

መቼም በሁዳዴ ውሻም ይጾማል። ማን ሥጋ ሊሰጠው? ሽሮ እየላሰ ሆዱ ከጀርባው ይጣበቃል። የፋሲካ ለት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በግ ያርድና «ይሄም ምስኪን ይገድፍ» ይላል። እኔ አንጀት ጣልኩለት፣ አንዷ ጮማ፣ ሌላው አጥንት። እሱ እንደሆነ እምቢ ማለት አያውቅም። በማግስቱ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ያስመልሰዋል፣ ከታችም ደም ነው። ዓይኑ ፈዘዘ።

ደግነቱ በባቡር የሚጫኑ ከብቶችን የሚመረምር የከብት ሐኪም ያን ቀን ጣቢያው ነበር። ውሻውን በጆንያ አዝዬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እያየ ይስቃል። ሐኪሙ ሆዱን ደባብሶ መርፌ ወጋው።

«ስሚ እሜቴ፣ ሆዱ ውስጥ አጥንት አለ፣ አንጀቱም ቆስሏል። ውሃና ቀጭን አጥሚት በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት። ቅቤ የለ፣ ጨው የለ። ሌላ አጥንት ከደገመ ግን አለቀለት።»

«መዳኑን በምን አውቃለሁ ጌታዬ?»

«ደኅና አድርጎ ሲጸዳዳ ነዋ።»

«እሱን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?»

«ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

ይኸው ታሰርኩ።

የፋሲካ ሰሞን ሰፈራችንን ብታዩት! ከደጃፍ እስከ ሐዲዱ ድረስ የሚረገጠው አጥንት ነው። መጀመሪያ አፉን በነጠላዬ ጠምጥሜ በገመድ አወጣሁት። ነጠላውን አሾልኮ አንዲት የጎን አጥንት ላፍ አላደረጋትም? እጄን ጉሮሮው ውስጥ ከትቼ ነው መንጭቄ ያወጣኋት። ጥርሱ ያረፈበት ቦታ አሁንም አለ። ብቻዬን ውኃ ለመቅዳት እንዳልወጣ፣ በሩን ከፈት ሳደርግ በእግሬ መሃል ሾልኮ ነው የሚሄደው። እንደዚያ ታሞ እንኳ ለአጥንት አቅም አያጣም። ውኃዬን ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ በመስኮት ታቀብለኝ ጀመር።

ቀን ቆርቆሮው ይግላል። ሽታውን አላወራችሁም። መስኮት እንዳልከፍት፣ የሰፈሩ ልጆች አዝነውለት በዚያም አጥንት ይወረውሩለታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሞጆ ወርጄ እናቴን ልጠይቅ ነበር። የባቡረኛ ሚስት በነፃ ነው የምትሳፈረው። ባቡሩ ሲመጣ መስኮቱ ላይ እለጠፋለሁ። ተሳፋሪው ሸንኮራውን እየመጠጠ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ ከዚያ እሱ ይሄዳል።

«አንተ ሆዳም፣ የበላኸው አንተ፣ የታሰርኩት እኔ!» እለዋለሁ። ጆሮውን እንኳ አያነሣም።

አንድ ቀንማ መሮኝ ተነሣሁ። ልክፈተው፣ ይውጣ፣ የፈለገውን ይብላ፣ ይሙትም አልኩ። የበሩን መወርወሪያ ሳብ ሳደርግ ቀጭ አለ። ይሄኔ ውሻው ከተኛበት ጭራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። ባሌ የመጣ መስሎት ነው። መልሼ ቆለፍኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ጎረቤቴማ መሳቂያ አገኘች። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ትደበድባለች።

«አራሷ! እንዴት አደርሽ?»

«ማርያም ትመስገን!»

«አጥሚቱ ይወርድልሻል?»

«እኔ ምን በወጣኝ፣ ልጁ ነው የሚጠጣው!»

«ምንድን ነው የወለድሽው ግን?»

«ወንድ ነው። ጭራ አለው!»

እንዲህ እንሳሳቃለን። ታዲያ ይቺው ሴት እንቁላል የምትገዛው ከሞጆ በባቡር ከሚመጡ ሴቶች ነው። አንዷ «የዚያች ቤት ምነው ተዘጋ?» ብትላት፣ ሳትስቅ «አራስ ናት፣ አጥሚት ላይ ናት» ብላ ሸኘቻት። ሴትዮዋ ደግሞ የእናቴ ደንበኛ ነች።

ወሬው ሞጆ በገባ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሩ ተንኳኳ። «ክፈቺ ልጄ፣ እኔ ነኝ!» የእናቴ ድምፅ። ትንሽ ከፈት ባደርግ እናቴ ናት። በጀርባዋ የገንፎ እህል፣ በአንድ እጇ ቅቤ፣ በሌላው ዶሮ ዘቅዝቃለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከእናትሽም ትደብቂ? ግድ የለም፣ ዓይን ፈርተሽ ነው!» ብላ እየሳመችኝ ገባች። «የታለ?»

አልጋው ላይ ጋቢ የለበሰ ነገር አየችና ቀስ ብላ ገለጠች። ውሻው ቀና ብሎ አያት።

«በስመ አብ! ውሻ ካልጋ ላይ!»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ከጉያዋ አንድ ትንሽ ነጭ የሕፃን መታቀፊያ አውጥታ ነበር፤ ከተዳርኩ ጀምሮ ስትፈትለው የኖረችው። አጠፈችውና መልሳ ጉያዋ ከተተችው። እኔ ዞር ብዬ እሳቱን ቆሰቆስኩ፣ እሳቱ እንኳ ደኅና ነበር።

«በይ ተነሽ» አለችኝ። «በማታው ባቡር አብረን እንሄዳለን። ውሻ ነው።»

«አልሄድም እማዬ።»

«ለምን?»

«ብቻውን ይሞታላ።»

አየችኝ። ውሻውን አየችው። ከዚያ ድስቱን ከፈተች።

«ይሄን ማን አበጀው?»

«እኔ።»

«ውሻው የሚሞተው በዚህ ነው» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

የሷን አጥሚት አቅርበንለት በማንኪያ ልሰጠው ስል አፉን ሳህኑ ውስጥ ከተተ። ራሱ ላሰው! ትንሽ ቆይቶ ተንገዳግዶ ወረደና በሩን ጫረ። ተያየን። እናቴ ከበሩ ጥግ ባነሣችው ዱላ አጥንቱን ወዲያና ወዲህ እየጠረገች ከፊት፣ እኔ ገመዱን ይዤ ከኋላ፣ እንደ ባለሥልጣን አጅበን አወጣነው። ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ዞር አለ፣ ዞር አለ፣ ቁጭ አለ። አማጠ፣ ጮኸ፤ ኋላም ደኅና አድርጎ አወጣው። እናቴ በዱላዋ ጫፍ ነካ ብታደርገው፣ አጥንቷ እዚያው ውስጥ አለች።

«እልልልልል!» አለች እናቴ።

አውቃ አይደለም፤ ከሞጆ ድረስ ይዛው የመጣችው እልልታ ነው፣ አመለጣት። በወንድ ልጅ ልክ እልል አለች። የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። «ወለደች! ወለደች!» እያሉ ወጡ። ጎረቤቴ ከፊት ናት፣ እየሳቀች፣ በእጇም አንድ ትልቅ የታፋ አጥንት።

«እንኳን ማርያም ማረችህ! እንካ፣ ለደስታው!»

ውሻው አየው። ጆሮው ቀጥ አለ።

«ወደ ቤት!» ብላ ጮኸች እናቴ። እሷ ጭራውን፣ እኔ አንገቱን ይዘን ገብተን ዘጋን። መወርወሪያውን ራሷ ናት የገፋችው። ወዲያው ብርጭቆው መንጫጫት ጀመረ፤ የማታው ባቡር። ሦስታችንም መስኮቱ ላይ ተለጥፈን ሲያልፍ አየነው።

«ሄደ» አልኳት።

«ይሂድ» አለችና ድስቱ ጋ ሄዳ አጥሚቱን ቀመሰች። «ጨው የለውም።»

«ሐኪሙ ከልክሏል፣ እማዬ።»

«እሱን ከለከለው እንጂ እኛን ከልክሏል? እኛ ምን በወጣን!»