የኔን በር ያልከፈተው ቁልፍ ሠሪ

አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሰፈሩ ጥርሴ ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ግን ለቁልፍ ጥርስ ሲያወጣ ይውላል። በስሙ ተቀይሞ አያውቅም። ሰው መቀየም አይችልበትም። እኔ እችልበታለሁ፤ እናቴ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» የምትለኝም ለዚህ ነው።

ሱቁ ከቤታችን ግድግዳ ጋር የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ያልተሞረዱ ቁልፎች ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል። አባቴ ቁጭ ብሎ መሥራት አይሆንለትም። ቆሞ ይሞርዳል፣ ደጅ ወጥቶ ቁልፉን በብርሃን ያየዋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ወሬ አያበዛም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል። ሁለት ጥርስ በሌለበት አፍ ዝንብ መግቢያ አያጣም እለዋለሁ፣ ይስቃል። አንድ በርጩማ አለችው፤ የምቀመጥባት እኔ ነኝ።

ያን ቀንም እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ መቀመጥ ከተባለ። የሥነ ጽሑፍ ፈተናዬ በማግስቱ ነው። አምና ወድቄያለሁ፤ ይሄ ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድሌ ነው። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ግን ላልፈተን ወስኜ ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከወሰንኩ በኋላ እንኳ ዕረፍት የለም። እግሬ አላርፍ ብሏል፣ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ አምስተኛ እጀምራለሁ።

የምንፈተንበት ታሪክ ጎቲክ ከሚሉት፣ ከድሮ አስፈሪ ታሪኮች አንዱ ነው። ኮረብታ ላይ አንድ የድንጋይ ቤት አለ፣ እዚያ ሁለት እህትማማቾች ይኖራሉ። ትልቋ የታናሿን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ጥላዋለች። ግድግዳው ላይ እርጥበት ይወጣል፤ ቢቀቡትም በየዓመቱ ይሰፋል። ደጅ ያለው ዛፍ ደርቋል። መጨረሻ ላይ ቁልፍ ሠሪ ይጠራል። በሩን ከፍቶ ሻማ ይዞ ቀድሞ ይገባል፣ የሆነ ነገር ያያል፣ ደንግጦ ሻማውን ይጥላል፣ ቤቱ ይቃጠላል። ምን እንዳየ አይነገረንም። መምህራችን እርጥበቱ ጸጸት ነው፣ ዛፉ የዘር መቋረጥ ነው ብለው አጽፈውናል። የተቆለፈው በር የምን ተምሳሌት እንደሆነ ግን «ይሄ ፈተና ላይ አይቀርም፣ ራሳችሁ አስቡበት» ብለው ተዉት። እኔ ደግሞ ከጥያቄ ሁሉ የጠላሁት እሱን ነው።

አምና ውጤት የተነገረ ዕለት ክፍሌ ገብቼ ቆለፍኩ፣ ሦስት ቀን አልወጣሁም። እናቴ እያለቀሰች ለመነችኝ፣ ምግብ በሩ ሥር አስቀመጠችልኝ፤ ከፍቼ አላነሳሁትም። አባቴ አንዴ እንኳ አላንኳኳም። የሞረዱ ድምፅ ከሱቁ ይሰማኝ ነበር፤ ክርር፣ ክርር። የአገሩን በር ሁሉ በሽቦ የሚከፍት ሰው የገዛ ልጁ ተቆልፋበት ሲሞርድ ይውላል። ከወጣሁ በኋላ አብሬው በላሁ፣ ሳቅኩ፣ ተጫወትኩ። በልቤ ግን ቂም ያዝኩበት፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

በዚያ በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ አባቴ ዝም ብለሽ ከምታገላብጪው እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። እርጥበቱ ጋ ስደርስ ጣሪያው ያፈስሳል ማለት ነው አለ። አይደለም፣ ጸጸት ነው አልኩት። ጸጸትም ቢሆን ጣሪያው ይታይ አለ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ቁልፍ ሠሪው ቀድሞ የሚገባበት ላይ ስደርስ ግን ሞረዱን አስቀመጠ። ይሄን የጻፈው ሰው የኛን ሥራ አያውቅም አለኝ። ቁልፍ ሠሪ ቁልፉን ያላቅቃል፣ በሩን ግን አይገፋም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ዞር ይላል። ገፍቶ የሚገባው ባለቤቱ ነው። ሰው ሞቶ በተገኘባቸው ቤቶች ሳይቀር እንደዚህ ነው የሠራው። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሲከፍት አንዱንም ውስጡን አላየም።

ከዚህ በላይ አላስቻለኝም።

«የኔንስ በር?» አልኩት። «የኔን ለምን አልከፈትከውም?»

አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል። ነገ እንደማልፈተን፣ ደግሜ ብወድቅና ብቆልፍ ዞር ብሎ የሚያየኝ አባት እንደሌለኝ፣ የዓመቱን ሁሉ ዘረገፍኩት። ደንበኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሁኔታችንን አይቶ ተመለሰ።

አባቴ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የጠረገውን መልሶ ጠረገ።

«ከፍቼዋለሁ እኮ» አለ።

«መቼ?»

«በቆለፍሽ በማግስቱ ጠዋት። እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። ቁልፉን አላቅቄ ተውኩት። ለእናትሽም አልነገርኳት፤ ብነግራት ገፍታ ትገባ ነበር። የሆነ ነገር ብትሆኚ ብዬ ነው፣ ቶሎ እንድደርስልሽ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስወጣ እጀታውን ጫን ብዬው ነው የተከፈተልኝ። ቁልፉን መቼ እንዳዞርኩት ግራ ቢገባኝም፣ በንዴት ረስቼው ነው ብዬ ትቼው ነበር። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍት ቤት ውስጥ ነው ተቆልፌ የተቀመጥኩት። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማፈር በለው፣ ደስታ በለው፣ አባቴን ዓመት ሙሉ መበደሌም አለበት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከነገርኩሽማ ምኑን ዘጋሽው? በሩ ያንቺ ነው፣ የምትገፊውም አንቺ ነሽ» አለኝ።

ተነሳ፣ ሞረዱን አነሳ፣ የጀመረውን ቁልፍ ይዞ ደጅ ድረስ ወጣ። ወደ እኔ ሳይዞር ፈተናው ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ሁለት ተኩል ነው፤ አልቀርም» አልኩት።