የጀርመኑ ግዕዝ

ሰሞኑን ዝናብ የመታውን የቆዳ ቀበቶዬን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ሽታው የመርሳን ክረምት አመጣብኝ። እርጥበት የገባው ብራና ልክ እንደዚያ ነው የሚሸተው።

ጊዜው የደርግ ነበር። ወልድያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ከመርሳ በላይ ባለው ደብር መሪጌታ ነበሩ። አንድ ቀን ጸጉሩ የሸበተ ጀርመናዊ ከአዲስ አበባ የፈቃድ ወረቀት ይዞ መጣና የደብሩን ብራናዎች ልይ አለ። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ዳገቱን ስንወጣ ስለ ራሱ አጫወተኝ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው የአገሩን የጥንት ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ማንም የማይናገረውን።

"ታዲያ ማን ይማረዋል?" አልኩት።

"በየዓመቱ ተማሪው ይቀንሳል" አለኝ።

በስተርጅና ግዕዝ የጀመረው፣ የሞተ የሚባል ቋንቋ ከሰው አፍ ሲወጣ ለመስማት ነው። ሰው ዕድሜውን ለዚህ እንዴት እንደሚሰጥ አልገባኝም።

ደብሩ ስንደርስ አባቴን እጅ ነሥቶ "እፎ ኀደርከ" አላቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። አባቴ ደንግጠው ቆሙ፤ ከዚያ ሳቁና በግዕዝ መለሱለት። ደብሩ ግቢ ካለው ወይራ ሥር ብራናውን መሐላቸው ዘርግተው ሲያወሩ ዋሉ። እሱ ቃል እየፈለገ፣ ቀስ እያለ፤ እሳቸው እጃቸውን እያወናጨፉ። አንዴ ጀርመኑ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔ አስተርጓሚዋ ነገሩ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ።

"ምን ተነጋገሩ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አላውቅም።"

"አስተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። ግን በግዕዝ ነው ያወሩት።"

"ፈረንጅ በግዕዝ" ብሎ ጸሐፊውን አየ።

እውነቱን ነበር የተናገርኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ጀርመኑን ያንኑ ዕለት በደሴ አውቶብስ አሳፍረው መለሱት። አባቴ አምስት ቀን ታሰሩ።

ሲፈቱ አልተቆጡኝም። ምን እንዳወሩ ስጠይቃቸው "ስለ ቃላት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ዛሬም ለሊቀመንበሩ ሌላ መልስ መስጠት ነበረብኝ ወይ እያልኩ አስባለሁ። ምን ብዬ እንደሆነ ግን እንጃ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከጀርመኑ ደብዳቤ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች በግዕዝ። የአባቴ ዓይን ደክሞ ስለነበር እኔ አነበብኩላቸው። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ የማነበው ግን አይገባኝም። እሳቸው ጎንበስ ብለው እየሰሙ "አላዪው... እዚህ ላይ አጥብቂው" እያሉ ንባቤን ያርሙኛል።

"ምን ይላል?" አልኳቸው ስጨርስ።

"ተማሪ አጥቶ ክፍሉ ተዘጋበት። ጡረታ ወጥቷል።"

"ሌላስ?"

"እስቲ ድገሚልኝ" አሉ።

ደገምኩላቸው። ሰውየው ፊታቸው የተቀመጠ ይመስል፣ በየመሐሉ በግዕዝ ይመልሱለት ጀመር።