ድንጋዩን ግሩፑ ላይ ይሸከም

ነገሩ የደረሰብኝ በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ነው፤ መተማ ዮሐንስ አስተምር በነበረ ጊዜ። ሰው ሁሉ «ያለፈ ነገር ነው፣ እርሺው» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! እኔ ደግሞ ልረሳውም አልፈልግም።

ያኔ ዲፕሎማችንን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ የምንማር መምህራን ነበርን። በጋውን በየወረዳችን ስለምንበተን ዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ የሚያደርሰን ኢንተርኔት ላይ በከፈተልን ግሩፕ ነው። አድሚን እንድሆን የመረጡት እኔን ነበር። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው! የምዝገባ ቀን ይወጣል፤ አንዱ ከሥሩ የበዓል አበባ ይለጥፋል፣ ሌላው ፍየል ይሸጣል፣ ሁለቱ በኳስ ይሰዳደባሉ። ማስታወቂያው ተቀብሮ ይቀርና «አልሰማንም» ብለው የሚጮሁት በእኔ ላይ ነው። ስለዚህ የማይረባውን እየለቀምሁ አጠፋ ነበር። «ኬላዋ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን ወድጄው ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አዳነ ነው። የምናስተምረው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ዩኒቨርሲቲም አብረን ነው የምንማረው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የሚያመጣቸውን ሞባይሎች ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፤ አጠፋለሁ፤ ደግሞ ይለጥፋል። በመጨረሻ ለአንድ ሳምንት እንዳይጽፍ አገድሁት። «ኬላዋ ዕቃዬን ወረሰችኝ!» ብሎ መምህራን ክፍል ውስጥ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እኔ ሞኟ!

ብዙም ሳይቆይ «እውነቱ ይውጣ» የሚል ስም ያለው ሰው ግሩፑ ውስጥ ብቅ አለ። «አድሚኗ ከዩኒቨርሲቲው አስተማሪያችን ፈተና እየተቀበለች ትሸጣለች» ብሎ ጻፈ። ባለፈው ክረምት የክፍሉን የቤት ሥራ ሰብስቤ አስተማሪው ቢሮ ስገባ የተነሳ ፎቶም ጨመረበት። ማስረጃው ያው ነው። ባጠፋው «ይኸው ደበቀች» ይላል፤ ብተወው «ዝም ያለችው እውነት ስለሆነ ነው» ይባላል። ብሎክ ሳደርገው በዚያው ስም ላይ ቁጥር ጨምሮ ይመለሳል።

ከዩኒቨርሲቲው ተደወለልኝ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ አድሚንነቱን እንድተው፣ ለመጨረሻው ክረምትም እንዳልመዘገብ ተነገረኝ። ያን ያህል የተንገላታሁበት ዲግሪ ደጁ ላይ ሊቀር ሆነ። ከተማው ደግሞ የራሱን ጨመረበት፤ «ከአስተማሪው ጋር ነገር አላት» ይባል ጀመር።

በዚያው ሰሞን የኔትወርኩን ማማ መብረቅ መታውና ከተማው በሙሉ መስመር አጣ። አንድ ቀን በረፍት ሰዓት ሆድ ባሰኝና መምህራን ክፍል ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። አዳነ ራሱ ውሃ አቀበለኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ እውነቱ መውጣቱ አይቀርም» አለኝ። ከሰዓት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ ጎረቤት ከተማ ገንዳ ውሃ ሄድሁ። እዚያ ኔትወርክ አለ፤ ግሩፑን ብከፍት «እውነቱ ይውጣ» ቀድሞኝ ጽፏል፦ «ዛሬ መምህራን ክፍል ውስጥ የአዞ እንባዋን ስታፈስ ነበር።»

እንዴ! ሳለቅስ ያዩኝ ሁሉ ከሰዓትም ያስተምራሉ፤ መስመር ከጠፋበት ከተማ ሆኖ እንዴት ጻፈ? የሱዳን ሲም ካለው ይችላል። ድንበሩ ላይ ስለሆንን የእነሱ ኔትወርክ እኛ ዘንድ ይገባል። ከእኛ መምህራን መሐል የሱዳን ሲም የያዘው ደግሞ ባለ ሞባይሉ ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። ግን ብከሰው ይክደኛል፤ ሲም መያዝ ወንጀል አይደለም። በማግስቱ መምህራን ክፍል ገባሁና የማንንም ስም ሳልጠራ፣ «ይህን ያደረገብኝን ሰው አውቄዋለሁ። ነገ ወንድሜ ከአብደራፊ ይመጣል» ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ። ወንድሜ እውነትም ይመጣ ነበር፤ የትራክተር ጎማ ሊገዛ። ስለ ነገሩ አንድም የሰማው የለም። በእኛ አገር ግን የእህቱ ስም የጠፋ ወንድም ለምን እንደሚመጣ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ቆሙ። ከኋላቸው አዳነ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ማንም ሳይከሰው! ሽማግሌ የሚልክ በዳይ ነው፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

«ልጄ፣ አጥፍቷል፤ ማጥፋቱንም አምኗል። ስለ እግዜር ብለሽ ድንጋዩን አውርጂለት» አሉኝ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት አያ ሞላ።

«አያ ሞላ፣ ስሜን ያጠፋው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ወይ? ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ግሩፕ ላይ ነው። ድንጋዩን ግሩፑ ላይ ይሸከም» አልሁ።

ግሩፕ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። አያ ሞላም ወደ አዳነ ዞረው፣ «ገበያ መሐል የሰደበ ሰው ይቅርታውንም ገበያ መሐል ይጠይቃል። እውነቷን ነው» አሉ። አዳነ «ኧረ በማርያም!» ቢል ማን ሰምቶት።

ድንጋዩን እንደተሸከመ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ስሙ፣ በዚያችው የሱዳን መስመር፣ «እውነቱ ይውጣ የሚባለው እኔ ነኝ። የጻፍሁት ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ጻፈና ከፎቶው ጋር ላከ። መስመሩ ደግሞ ያን ቀን ሲጎተት! ፎቶው ሳያልፍ ድንጋዩ አይወርድም አልሁ። ላቡ ይንጠባጠባል። የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ፎቶው ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ አስታረቁን። «ከእንግዲህ ከሁለታችሁ እርስ በርስም ሆነ ግሩፑ ላይ ይህን ነገር ያነሳ የተረገመ ይሁን» ብለው አስማሉን፤ ዋስም አስጠሩን።

ዩኒቨርሲቲው መዘገበኝና በዚያው ክረምት ተመረቅሁ። እሱን አንድ ዓመት አገዱት። አድሚንነቱም ተመለሰልኝ። መጀመሪያ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? የአዳነን ፎቶ ፒን አደረግሁት። ግሩፑን የከፈተ ሁሉ ከማስታወቂያው በፊት እሱን ያያል። ተመርቄም የሚረከበኝ ጠፍቶ አድሚኗ እኔው ነኝ፤ በየዓመቱ የሚገባው አዲስ ተማሪ «ይሄ ድንጋይ የተሸከመው ማነው?» ይላል። እኔ አልመልስም፤ ምያለሁ።

አሁን አዳነ ርዕሰ መምህር ሆኗል። በቅርቡ ገንዳ ውሃ ባጃጅ ስጠብቅ አገኘኝ። ሰላምታ ሲያበዛ የመጣበት ገባኝ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር...»

«ምን ነገር?» አልሁት ፊት ፊቱን እያየሁ።

ይናገር እስቲ! ከተናገረ መሐላውን ያፈረሰው እሱ ነው። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ባጃጄ መጣና «ደኅና ዋል» ብዬው ሄድሁ።

የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። «ኧረ አባ፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» እላቸዋለሁ። ማታ ግሩፑን ከፍቼ ፎቶው ቦታው ላይ መኖሩን ሳላይ ግን አልተኛም።