ሆዱ የሚናገር ጊታር

ፀሐይ ላይ የሰነበተ የባትሪ ድንጋይ ሽታ ዛሬም ካገኘኝ፣ ሰቆጣ ያለው ግቢያችንና የታላቅ ወንድሜ የሰዒድ ቀይ ጊታር ፊቴ ድቅን ይላሉ።

ሰዒድ አስመራ አጎታችን ሱቅ ሲሠራ ቆይቶ፣ መንገዱ በጦርነቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ክረምቱ ሲገባ ተመለሰ። ጊታሩን ወደ አገሩ ከሚገባ ጣሊያናዊ ገዝቶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። የሠሪው ስም ተፍቆ ስለነበር የየት አገር እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም። የኤሌክትሪክ ጊታር ሆኖ ሳለ ሽቦ የለውም፤ ድምፅ ማጉያው እዚያው ሆዱ ውስጥ ተገጥሞ፣ ከጀርባው ባለች ትንሽ መዝጊያ ድንጋይ ይጎርሳል። መብራት ላልገባለት ለእኛ ሰፈር ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር። ሰዒድ ከክሮቹ ሥር ያለችውን የብረት እጀታ ጫን ሲላት ድምፁ ይርገበገባል፤ እናቴም ሥራዋን ትታ እየሳቀች፣ «ይኸ ነገር ሰው ውጦ ነው እንዴ?» ትል ነበር።

ነጋዴው አባቴ ግን አልወደደውም። መደርደሪያው ላይ ድንጋይ ሞልቶ እያለ ክረምቱን ሙሉ አንድም አልሰጠውም። እኔ ሬዲዮናችን የጨረሳቸውን እየለቀምኩ፣ ደመናው ገለጥ ሲል ቆርቆሮ ላይ አሰጣቸው ነበር፤ ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘሩና ሰዒድ ድምፁ እስኪሰልል ይጫወትልኝ ነበር።

በጥቅምት፣ አዝመራው ሲደርስ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሱቃችን መጣ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ጊታሩና ልጅዎ ለኪነት ቡድኑ ተፈልገዋል፤ ጦር ሰፈሮቹን ይዞራሉ» አለ።

ሰዒድ ደስ ብሎት ከጓዳ ብቅ አለ። አባቴ ስኳር መመዘኑን ሳያቆም፣ «ጊታሩ የሱቁ ዕቃ ነው፤ ሱቁም ያለ ልጁ አይከፈትም። እዚሁ በዓል ሲኖራችሁ ግን ይጫወትላችኋል፤ ድንጋዩን እኔ እችላለሁ» አለው።

ሊቀመንበሩ በዚያ ወቅት ድንጋይ ከሌላ ቦታ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ጥቂት አሰበና ተስማማ። ሰዒድ ግን አኩርፎ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

በጋው መሃል በዓሉ ደረሰና ሰዒድ በአዲስ ድንጋይ አደባባዩን ሞላው። አባቴ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ወደ ቤት ስንመለስም ጊታሩን ራሱ ተሸከመው።

ያኔ በመጨረሻ ጊታሩን የወደደው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሰዒድ የልጅ ልጆቹን አስከትሎ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ እኔም ወንዶች ልጆች አሳድጌ አይቻለሁና፣ አባቴ ያን ቀን ከሊቀመንበሩ ጋር የተደራደረው ስለ ጊታሩ እንዳልነበረ ይገባኛል።